አሮጌው የድሬ ባቡር ጋራዥ ስትገቡ ምን ዓይነት ባትሪ ትይዛላችሁ?

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። አጥር ዘልሎ መግባት ጀብዱ አይደለም፤ ለገሃር (ባቡር ጣቢያው) በር ላይ ያለውን ጥበቃ በወጉ ሰላም ብላችሁ የሚመለከተውን ሰው ጠይቁ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በ1 ሜትር ስፋት ሐዲድ ይሄድ የነበረው ያ አሮጌው መስመር።

ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውስጥ ግን ዓይን ለጥቂት ደቂቃ ምንም አያይም። በሩ አጠገብ ቆማችሁ ልመዱት፣ አቦ ማን ያስቸኩላችኋል!

ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ እጅን ነፃ ያደርጋል፤ ብቻውን ግን አላምነውም። ብርሃኑ ከዓይናችሁ አጠገብ ስለሚወጣ ጥላ አይታይም፣ መሬቱ ሁሉ ለጥ ያለ ይመስላል። ጥገና ቤት ውስጥ ደግሞ መካኒክ ከባቡሩ ሥር ገብቶ የሚሠራበት ጉድጓድ በሐዲዶቹ መሃል አለ፤ ግሪስና አቧራ የለበሰ ጉድጓድ ከወለሉ አይለይም። ስለዚህ ሁለተኛ የእጅ ባትሪ ያዙ፣ ጉልበታችሁ አካባቢ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ፊት አብሩ። የጉድጓዱ ጠርዝ፣ የወጣ ብሎን፣ የተሰበረ መስታወት ወዲያው ጥላ ይጥላል።

ከ200 እስከ 300 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል። ከዚያ በላይ ኃይለኛው አቧራ ላይ እየነጠረ ዓይን ያጭበረብራል። ትርፍ የባትሪ ድንጋይ ኪስ ውስጥ ይኑር። ስልኩን ለመደወያ ተዉት። ሻማና ክብሪት በፍጹም፤ የዘይት ቅሪት አለ።

የሌሊት ወፍ ካያችሁ ብርሃኑን ወደ መሬት መልሱ፣ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ።