ፉክክር የበዛበት ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድልን እንዴት መገመት ይቻላል?

አንድ ተማሪ አንድ ስመ ጥር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ይቀበለው እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ወላጅም ሆነ መምህር በመጀመሪያ የሚመለከተው ዩኒቨርሲቲው ከመቶ ስንቱን እንደሚቀበል ነው። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ54,008 አመልካቾች 1,937 ያህሉን ብቻ ስለተቀበለ፣ የእያንዳንዱ አመልካች ዕድል ከመቶ 3.6 ገደማ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የሁሉም አመልካቾች አማካይ ነው። ከአመልካቾቹ መካከል ውጤታቸው ከመነሻውም የማይበቃ አሉ፤ አሠልጣኝ አስቀድሞ የመረጣቸው ስፖርተኞች አሉ፤ ሙሉ ወጪያቸውን የሚከፍሉ አሉ፤ ሙሉ የገንዘብ ድጋፍ ካላገኙ መማር የማይችሉም አሉ። ስለዚህ ግምቱን የሚሠራ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ተማሪው ከየትኛው ቡድን ጋር እንደሚወዳደር ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚጠቅመው ሰነድ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ቅበላቸውና ስለ ተማሪዎቻቸው በየዓመቱ የሚያወጡት፣ ኮመን ዳታ ሴት (Common Data Set) የተባለው የመረጃ ስብስብ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም ከዚህ ስያሜ ጋር አድርጎ በኢንተርኔት መፈለግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ክፍል ሲ7 ዩኒቨርሲቲው ለትራንስክሪፕት (የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ውጤት ማስረጃ)፣ ለፈተና ውጤት፣ ለድርሰት፣ ለድጋፍ ደብዳቤና ለሌሎችም መመዘኛዎች ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ፣ «በጣም አስፈላጊ» ከሚለው እስከ «አይታይም» በሚሉ ደረጃዎች ያሳያል። ክፍል ሲ9 ደግሞ የገቡትን ተማሪዎች የፈተና ውጤት 25ኛ፣ 50ኛና 75ኛ ፐርሰንታይል፣ ማለትም ከመቶ 25፣ 50 እና 75 ያህሉ ከዚያ በታች ያገኙበትን ውጤት፣ ይሰጣል።

ሲ9ን ለማንበብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ኤስኤቲ (SAT) የተባለው የመግቢያ ፈተና 25ኛ ፐርሰንታይል 1500፣ 75ኛው 1560 ሆኖ ቢገኝና ተማሪው 1510 ቢኖረው፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ስለሆነ ብቻ በቂ ነው ማለት ያስቸግራል። ከዝቅተኛው ሩብ ከገቡት መካከል ሌላ ጠንካራ ምክንያት የነበራቸው፣ ለምሳሌ ለስፖርት የተመለመሉ፣ ሊኖሩ ይችላሉ። የተለየ ምክንያት የሌለው አመልካች ራሱን ከ50ኛው ፐርሰንታይል ጋር ቢያነጻጽር ለእውነቱ ይቀርባል። እንዲሁም ከገቡት ውስጥ ውጤታቸውን ያቀረቡት ከመቶ ስንት እንደሆኑ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ፈተናው በፈቃደኝነት በሚቀርብበት ዩኒቨርሲቲ ዝቅተኛ ውጤት ያለው ተማሪ ስለማያቀርብ እነዚህ ቁጥሮች ከእውነተኛው ከፍ ብለው ይታያሉ። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) የፈተና ግዴታውን እ.ኤ.አ. በ2022 መልሷል፤ ሃርቫርድና ዳርትመዝ በ2024 ግዴታውን እንደሚመልሱ አስታውቀዋል፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ግን ለቅበላ ውጤቱን ከነጭራሹ አይመለከትም። በመሆኑም የዓመቱን ደንብ ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ትራንስክሪፕት ከፈተና ውጤት ይልቅ ለመመዘን ይከብዳል፤ በአብዛኛው የሚበልጥ ክብደት ያለውም እሱ ነው። ገምጋሚው ተማሪውን የሚመዝነው በተማረበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በትምህርት ቤቱ ከሚሰጡት ከባድ ትምህርቶች ስንቱን ወሰደ? በክፍሉ ስንተኛ ነው? ውጤቱ ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ ነው ወይስ እየወረደ? ጥቂት የላቁ ትምህርቶች ብቻ በሚሰጡበት ትምህርት ቤት ያሉትን ሁሉ ወስዶ አንደኛ የወጣ ተማሪ፣ ብዙ ምርጫ እያለው ቀላሉን መርጦ ከፍተኛ አማካይ ካስመዘገበው ሊበልጥ ይችላል። ይህ እንዲታይ የትምህርት ቤቱን ሁኔታ የሚገልጸው ሰነድና የአማካሪው ደብዳቤ በደንብ መዘጋጀት አለባቸው። ገምጋሚው የማያውቀውን ትምህርት ቤት የሚያስረዳው ሌላ ሰነድ እምብዛም ስለሌለ፣ ይህን ሥራ በመጨረሻው ሳምንት የሚጀምር ትምህርት ቤት ተማሪውን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ።

ከመደበኛው ዙር በፊት ባለው የቅድሚያ ዙር ማመልከት ዕድል ይጨምራል የሚባለውም ሒሳቡ መታየት አለበት። 50,000 አመልካቾች መጥተው 2,000 የተቀበለ ዩኒቨርሲቲ ከመቶ 4 ተቀበለ ይባላል። ነገር ግን በቅድሚያው ዙር ከ10,000 አመልካቾች 800 ተቀብሎ ከሆነ የዚያ ዙር መጠን ከመቶ 8 ሲሆን፣ በመደበኛው ዙር የቀሩት 40,000 ለ1,200 ቦታ ስለሚወዳደሩ ከመቶ 3 ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ ሁሉ ግን ቀድሞ ከማመልከት የመጣ አይደለም፤ የተመለመሉት ስፖርተኞችና በተለይ የተዘጋጁት ተማሪዎች በዚያው ዙር ይበዛሉ። በተጨማሪም ኧርሊ ዲሲዥን የተባለው ዙር ተቀባይነት ያገኘውን ተማሪ ለመግባት ስለሚያስገድድ፣ የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎችን የገንዘብ ድጋፍ ማነጻጸር ለሚያስፈልገው ቤተሰብ ተስማሚ ላይሆን ይችላል።

ከአሜሪካ ውጭ ለሚያመለክት ተማሪ ዕድሉን ከሁሉ በላይ የሚቀይረው ገንዘብ ነው፤ ብዙዎችም የሚዘነጉት ይህንኑ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ኮሌጅ የውጭ አመልካች ድጋፍ መጠየቁን በቅበላ ውሳኔ ላይ አይቆጥሩም፤ ተቀባይነት ላገኘውም የተረጋገጠውን የገንዘብ ፍላጎት በሙሉ ይሸፍናሉ። በርካታ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ግን የተጠየቀውን ድጋፍ በውሳኔው ውስጥ ያስገባሉ። በእነዚህ ዘንድ ውጤታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ተማሪዎች መካከል ሙሉ ድጋፍ የጠየቀውን የሚጠብቀው ፉክክር እጅግ የከበደ ነው። የኮመን ዳታ ሴት ክፍል ኤች6 ለስንት የውጭ ተማሪዎች በአማካይ ስንት ዶላር ድጋፍ እንደተሰጠ ስለሚያሳይ፣ ከሲ1 የቅበላ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን መነበብ አለበት። ድጋፍ ያገኙት ጥቂት ከሆኑና አማካዩም ከዓመታዊው ወጪ በጣም ካነሰ፣ ሙሉ ድጋፍ የሚሻ ተማሪ የዚያን ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ የቅበላ መጠን እንደራሱ ዕድል ሊቆጥረው አይገባም።

በመጨረሻ የሚሠራው ግምት እንደ ነጠላ ቁጥር ባይጻፍ ይሻላል። «ሩቅ»፣ «ተመጣጣኝ» እና «አስተማማኝ» ብሎ መክፈል ይበቃል። ከመቶ 10 በታች የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪው ፍጹም ውጤት ቢኖረውም፣ ከ«ሩቅ» ሊወጣ አይችልም፤ ብዙ ፍጹም ውጤት ያላቸው ይመለሳሉና። «አስተማማኝ» የሚባለው ደግሞ ውጤቱ ከ75ኛው ፐርሰንታይል በላይ የሆነበት፣ የቅበላ መጠኑ ሰፊ የሆነበት፣ ወጪውም በእርግጥ የሚሸፈንበት ብቻ ነው። አሥር ሩቅ ዩኒቨርሲቲዎችን መደርደር ይህን አይተካም። በእያንዳንዳቸው የመግባት ዕድል ከመቶ 5 ቢሆንና ውሳኔዎቹ የማይገናኙ ቢሆኑ፣ ቢያንስ በአንዱ የመግባት ዕድል ከመቶ 40 ገደማ ይሆን ነበር። ነገር ግን ሁሉም የሚያነቡት ያንኑ ትራንስክሪፕትና ያንኑ የድጋፍ ደብዳቤ በመሆኑ፣ አንዱን ያላሳመነው ማመልከቻ ሌላውንም ላያሳምን ስለሚችል ትክክለኛው ዕድል ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ማመልከቻ ከመላኩ በፊት ዝርዝሩ ውስጥ ቢያንስ ሁለት «አስተማማኝ» መኖራቸውን፣ ተማሪውም በእነዚያ ለመማር በእውነት ፈቃደኛ መሆኑን አብሮ ተቀምጦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።