ፊደሉ የት ጠፋ? አማርኛን በላቴክ በሰሪፍ ፎንት ስንጽፍ የሚገጥሙን ችግሮችና መፍትሄያቸው

የመመረቂያ ጽሑፌን በላቴክ (ጽሑፍን በትዕዛዝ እያቀናበረ ፒዲኤፍ በሚያወጣው ሶፍትዌር) ስሠራ ከሁሉም በላይ ጊዜዬን የበላው ፎንት ነው። ሒሳቡ ገጥሟል፣ ሠንጠረዡ ገጥሟል፣ የአማርኛው ክፍል ግን ባዶ ወረቀት ሆኖ ይወጣል። ያኔ ምልክቱን ከነምክንያቱ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ብዙ ሌሊት ይተርፈኝ ነበር። ስለዚህ የተማርኩትን እነሆ። ምሳሌዬ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለው የግዕዝ ፎንት ነው፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውንም አነሳለሁ። ሰሪፍ ማለት በመስመሮቹ ጫፍ ትንሽ ጭረት ያለው የፊደል ዓይነት ነው፤ ሳንሰሪፍ ደግሞ የሌለው። የትዕዛዞቹን ስም በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ ስትተይቡ ግን በላቲን ነው።

ገና ሲጀምር "ዩኒኮድ ካራክተር ኖት ሴት አፕ" ብሎ ይቆማል

ፒዲኤፍላቴክ የሚባለውን የላቴክ ሞተር (ጽሑፉን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረውን ፕሮግራም) እየተጠቀማችሁ ነው። ይሄ ሞተር የሚሠራባቸው ፎንቶች እያንዳንዳቸው ከ256 በላይ ቅርጽ አይዙም። የኛ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ዋናው ሠንጠረዡ ብቻ 384 ቦታ አለው። ኮምፒውተራችሁ ላይ የጫናችሁትን ፎንትም በስሙ ጠርቶ አያመጣውም። ስለዚህ አትታገሉት። ወደ ሌሎቹ ሞተሮች፣ ወደ ዚላቴክ ወይም ወደ ሉዋላቴክ ቀይሩ። ኦቨርሊፍ በሚባለው የላቴክ ድረ ገጽ ላይ ከሆናችሁ ሴቲንግ ውስጥ ኮምፓይለር የሚለው ቦታ ላይ ነው የሚቀየረው። ከዚያ ኢንፑትኤንክ እና ፎንትኤንክ የሚሉትን መስመሮች አውጡና ፎንት የሚያስመርጠውን ፎንትስፔክ የሚባል ፓኬጅ (ተጨማሪ መሣሪያ) ጥሩ።

ስህተት የለም፣ ፒዲኤፉ ተሠርቷል፣ አማርኛው ግን የለም

ከሁሉም የሚያስደነግጠው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። እንግሊዝኛው በቦታው አለ፣ አማርኛው ቦታ ላይ ክፍተት ወይም ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። እናንተ ፎንት ካልመረጣችሁ ላቴክ ላቲን ሞደርን የሚባለውን ይወስዳል፤ እሱ ውስጥ ደግሞ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። ላቴክ ሥራውን የሚመዘግብበትን ሎግ ፋይል ክፈቱና "ሚሲንግ ካራክተር" የሚለውን ፈልጉ። የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደጠፋ በስሙ ጽፎላችኋል።

መፍትሄው ሴትሜይንፎንት በሚለው ትዕዛዝ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን መጥራት ነው። አማራጩ ላይ ስክሪፕት እኩል ነው ኢትዮፒክ ብላችሁ ጨምሩበት። ፖሊግሎሲያ የሚባለውን የቋንቋ ፓኬጅ የምትጠቀሙ ከሆነና አማሪክፎንት ወይም ኢትዮፒክፎንት የሚባል አልተገለጸም ብሎ ከጮኸ፣ ኒውፎንትፋሚሊ በሚለው ትዕዛዝ አማሪክፎንትን ለብቻው ግለጹለት።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ እመክራለሁ። ትሬሲንግሎስትቻርስ የሚለውን ቁጥር 3 አድርጉት። ከ2021 ወዲህ ባሉት የቴክ ላይቭ (ላቴክ የሚጫንበት ጥቅል) ስሪቶች ይሄ የጠፋን ፊደል ሁሉ እንደ ስህተት ያስቆጥረዋል። 200 ገጽ ውስጥ አንዲት "ቿ" ብትጠፋ በዓይን አትገኝም፤ ይሄ ግን ያገኛታል።

ጽሑፉ በደንብ ይታያል፣ ርዕሶቹ ብቻ ባዶ ናቸው

እኔን ያንገላታኝ ይሄ ነው። ሜይንፎንት ሲባል የሰነዱ ፎንት ሁሉ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ላቴክ ሦስት ቤተሰብ ይይዛል፤ ሰሪፉ፣ ሳንሰሪፉ እና ለኮድ የሚሆነው የታይፕራይተር ዓይነቱ። ሴትሜይንፎንት የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ኮማ ስክሪፕት የሚባሉት የሰነድ ዓይነቶች ደግሞ ርዕስን በሳንሰሪፍ ነው የሚጽፉት። እዚያ ያለው አሁንም ላቲን ሞደርን ስለሆነ ርዕሱ ይጠፋል። ስላይድ የሚሠራበት ቢመር ይብሳል፤ ስላይዱ በሙሉ ሳንሰሪፍ ስለሆነ ሴትሜይንፎንትን ብትጽፉም ምንም የሠራ አይመስልም፣ ሰው ደግሞ ፎንቱ ተበላሽቷል ብሎ ደጋግሞ ያወርዳል።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሴትሳንስፎንት ብሎ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መስጠት ነው። ሌላው ርዕሱንም ወደ ሰሪፍ ማምጣት ነው፤ ቢመር ላይ ዩዝፎንትቲም ብሎ ሰሪፍ ማለት፣ ኮማ ላይ አድቱኮማፎንት በሚለው ትዕዛዝ፣ ርዕሶቹን በሚወክለው ዲስፖዚሽን ላይ አርኤምፋሚሊ መጨመር። ለመጽሐፍ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለስላይድ ግን ከሩቅ ስለሚነበብ ሳንሱ ይሻላል።

"ፎንቱ አልተገኘም" ይላል፣ እኔ ግን ጭኜዋለሁ

ዊንዶውስ ላይ ፎንቱን ለራሳችሁ ብቻ ጭናችሁት ይሆናል። በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ለሁሉም ተጠቃሚ ብላችሁ ድጋሚ ጫኑት። ሉዋላቴክ ከሆነ የፎንት መዝገቡን ሉዋኦቲኤፍሎድ በሚባለው መሣሪያ አድሱለት። ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን ፋይሉን ከሰነዱ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጦ፣ ፓዝ እና ኤክስቴንሽን በሚሉት አማራጮች ቦታውን መንገር ነው። ያኔ ሰነዱን ለአማካሪያችሁም ብትልኩት፣ ኦቨርሊፍ ላይም ብትጭኑት ይሠራል። ኦቨርሊፍ ላይ የፋይሉ ስም ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደሚለይ አትርሱ።

ደማቅ ያልኩት አልደመቀም

አቢሲኒካ ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ፎንቱ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ላቴክም "ፎንት ሼፕ አንዲፋይንድ" ብሎ ያስጠነቅቅና መደበኛውን ይተካል። ኦቶፌክቦልድ የሚል አማራጭ አለ፤ የፊደሉን ጠርዝ አደልቦ ደማቅ ያስመስላል። አልወደውም። የ"ጨ" እና የ"ጬ" ልዩነት ያለው በትንሽ ምልክት ነው፤ ጠርዙ ሲደልብ ትንሽ ፊደል ላይ ውስጡ ይደፈናል። የተሳለ ደማቅ ያለውን ኖቶ ሰሪፍን ተጠቀሙ፣ ወይም ቦልድፎንት በሚለው አማራጭ የኖቶን ደማቅ ለአቢሲኒካ አውሱት።

ኖቶም ሆኖ ካልደመቀ ያወረዳችሁት ቫሪያብል የሚባለው፣ ሁሉንም ውፍረት በአንድ ፋይል የያዘው ነው። ዚላቴክ ከሱ ጋር አይስማማም። ዚፑን ስትፈቱ ስታቲክ የሚል ፎልደር አለ። ከዚያ ውስጥ ሬጉላር እና ቦልድ የሚሉትን ለይታችሁ ስጡት።

ያዘመመውስ? የለም። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያዘመመ የለውም፣ እኔም አይናፍቀኝም። ማዝመም የላቲን ልማድ ነው። የኛ ፊደል ወፍራምና ቀጭን መስመሩን ያገኘው በብራና ላይ ከሚጽፈው ከመቃ ብዕር ነው፤ ጸሐፊዎቹ አንድን ስም ማጉላት ሲፈልጉ በቀይ ቀለም ይጽፉት ነበር። ስለዚህ ለማጉላት የሚያገለግለውን ኤምፍ የሚል ትዕዛዝ ደማቅ እንዲያደርግ ወይም ቀለም እንዲቀይር አድርጋችሁ ድጋሚ ግለጹት። ገጹ አማርኛ አማርኛ ይሸታል።

መስመሩ ከኅዳግ ይወጣል፣ ወይም ይጨናነቃል

ቃላቱን በክፍት ቦታ ሳይሆን በሁለት ነጥብ ብቻ የለያችሁ ከሆነ ላቴክ አንቀጹን እንደ አንድ ረጅም ቃል ነው የሚያየው። ዚላቴክ ላይ ዚቴክላይንብሬክሎኬል የሚለውን ለአማርኛ ብትሰጡት ከሁለት ነጥቡ በኋላ መስበር ይጀምራል። በክፍት ቦታ ለይታችሁም ከወጣ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ተጨማሪ እንዲለጠጥ የሚፈቅደውን ኢመርጀንሲስትሬች 3 ኤም (ኤም የፎንቱን መጠን ያህል ስፋት ነው) ስጡት። መስመሮቹ ከተጣበቁ የመስመር ክፍተትን የሚያሰፋውን ላይንስፕሬድን 1.2 አድርጉ፤ ነባሪው ክፍተት የተለካው ለላቲን ነው፣ የኛ ፊደሎች ደግሞ ብዙዎቹ ቁመታም ናቸው።

ከድሮ ፋይል የመጣው ጽሑፍ የላቲን ዝባዝንኬ ሆነ

ይሄ በፎንት አይድንም። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበረው መንገድ፣ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ተስሎ ነው። ፎንቱ ሲነሳ ከሥሩ ላቲኑ ይወጣል። መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር መሣሪያ አሳልፉት፣ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቦቹን በዓይናችሁ አጣሩ፣ ከዚያ ወደ ላቴክ አምጡት።