የጥርስ ሮቦት የሚሠሩ መሐንዲሶች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ፋብሪካ ውስጥ ዕቃው ታስሮ ይሠራበታል። ታካሚ ግን ምራቁን ይውጣል፣ ያስላል፣ ሲደክመው አፉ ይከደናል። ኢምፕላንት (በጎደለ ጥርስ ምትክ አጥንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ ሥር) የሚተክል ሮቦት ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ ጥፋቶች ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ከሁሉ የሚያሰለቸው የሮቦቱ ክንድ ካታሎግ ላይ 0.02 ሚሊሜትር የሚል ቁጥር አይቶ «ትክክለኛነቱ ይኸው» ብሎ መጻፍ ነው። ኧረ ተዉ! ያ ቁጥር የሚናገረው ክንዱ ወደ አንድ ነጥብ ሲመላለስ ምን ያህል እንደሚለያይ ብቻ ነው፤ ነጥቡ ራሱ የተሳሳተ ቢሆንስ? በዕቅዱና በመሰርሰሪያው ጫፍ መካከል የሚደራረበውን ቁጠሩ፦ የኮን ቢም ሲቲ (የመንጋጋ ባለ ሦስት ገጽታ ራጅ) ምስል ቮክሰል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት ትንሿ ኪዩብ፣ ብዙ ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ ምስሉን ከታካሚው መንጋጋ ጋር ማዛመድ የራሱ ስህተት አለው፤ እንቅስቃሴውን የሚከታተለው ካሜራም፣ የሃንድፒሱ (የመሰርሰሪያው መያዣ) ልኬት ማስተካከያም እንዲሁ። የብረት ጥርስ ካለ ምስሉ ላይ ጨረር ይረጫል፣ ማዛመዱ ይበላሻል። መሰርሰሪያው 3 ዲግሪ ቢያጋድል 10 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ጫፉ ግማሽ ሚሊሜትር ይስታል። ከታችኛው መንጋጋ ነርቭ በላይ የሚተወው የደኅንነት ርቀት ደግሞ 2 ሚሊሜትር ነው፤ ስህተቱ ሲጠራቀም የሚበላው ከእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ሞዴል መንጋጋ ላይ ሰርስሩ፣ እንደገና ሲቲ አንሱ፣ ከዕቅዱ ጋር አስተያዩ፤ የመግቢያውን፣ የጫፉንና የማዕዘኑን ስህተት ለየብቻ መዝግቡ።

ሥራው ታችኛው መንጋጋ ላይ ሆኖ ካሜራው የሚከታተለውን ምልክት ግንባር ላይ ማሰር አይሆንም፤ ታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ተለይቶ ይንቀሳቀሳል። ምልክቱን የሚሸከመው ስፕሊንት (ጥርስ ላይ የሚገጠም ቅርጽ) እዚያው መንጋጋ ላይ፣ በማይነቃነቁ ጥርሶች ላይ ይገጠም። መሰርሰሪያው በተቀየረ ቁጥር ጫፉን አንድ የታወቀ ጥርስ ጉብታ ላይ አስነክቶ ስክሪኑን ማየት ነው። ስክሪኑ ጫፉን አየር ላይ ካሳየ ሥራው ይቆማል።

ሙቀትም አለ። አጥንት 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ ይጎዳል። ሐኪም መሰርሰሪያውን እያስገባ እያወጣ ነው የሚሠራው፤ በዚያ መሀል ፍርፋሪው ይወጣል፣ የጨው ውኃው ጫፉ ድረስ ይገባል። ክንዱ ግን አይደክመውምና ካልተነገረው አንዴ ጀምሮ እስከ ታች ይገፋል። መመላለሱን ኮዱ ውስጥ አስገቡት። ውኃው የካሜራውን ምልክት እንደሚረጭም አትርሱ።

ብዙ መሰርሰሪያዎች ላይ ሹሉ ጫፍ በላያቸው ከተሰመረው የጥልቀት መስመር ልኬት ውጭ ነው፤ እስከ 1 ሚሊሜትር ሊጨምር ይችላልና የአምራቹን ሠንጠረዥ እዩ።

134 ዲግሪ እንፋሎት የማይችል ሴንሰር ከአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም ማጥፊያ) በፊት የሚነቀል ይሁን።

በ2016 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ዮሚ የተባለው የጥርስ ሮቦት ሃንድፒሱን ከሐኪሙ እጅ አይነጥቅም፤ እጁን ይመራል እንጂ። በ2017 ቻይና ውስጥ ሮቦት ራሱን ችሎ ኢምፕላንት ከተከለ ወዲህ ግን ጀማሪ ሁሉ ሐኪሙን ለማስወጣት ይጣደፋል፤ የማቆሚያውን ቁልፍ እንኳ በወጉ ሳይሠራ። ቁልፉ ሲጫን ክንዱ ወደ መነሻ ቦታው እንዲሮጥ የሚያዝዝ ፕሮግራም አለ፤ መሰርሰሪያው አጥንት ውስጥ እያለ! መጀመሪያ ክንዱም መሰርሰሪያውም ይቁም፤ ከዚያ ሐኪሙ በገባበት መስመር ብቻ ቀጥ አድርጎ በእጁ ያውጣው።