ሁለተኛው ፊርማ፦ ሰሜን ሸዋ ላይ ትዳርና ቤት ትታችሁ ለሄዳችሁ

የትዳር ክህደት የሚተርክ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ የምትወዱ ከሆነ፣ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ከመጽሐፍ መደብር ይበልጣል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሚስት ሪያድ ናት፣ ባል እዚህ ነው። ለዓመታት የተላከው ብር ጂ ፕላስ ዋን ቤት ሆኗል። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ በኢሞ ትደውላለች፦ «እትዬ፣ ቤቱን ሸጣችሁት እንዴ? ሌላ ሰው ገብቶበታል እኮ!» ልቦለድ ቢሆን ምዕራፍ አንድ እዚህ ላይ ያልቃል።

በልቦለድ ክህደቱን የሚያጋልጠው የስልክ መልእክት ወይም ሸሚዝ ላይ የቀረ ሽቶ ነው። እኛ ጋ ነገሩ ከፍቅር ይጀምርና ማዘጋጃ ቤት ይደርሳል። ልብ እንዳይከዳ የሚያደርግ ምክር የለኝም። ቤት ግን ያለ ወረቀት አይሸጥም። ከወረቀቶቹ አብዛኞቹ ደግሞ ወይ የእናንተን ፊርማ ወይ የእናንተን ዝምታ ይፈልጋሉ። የማወራው ስለ እነሱ ነው። ባሏን አምና የሄደችውን እያሰብኩ ብጽፍም፣ ሚስቱን አምኖ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳውም ያንብበው።

ሕጉ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ያልፈረመውን ወገን ይጠብቃል። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የግሌ ነው ባዩ ነው ማስረዳት ያለበት። የጋራ ቤትን መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየት ወይም በመያዣ መስጠት ደግሞ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። አንቀጽ 68 ነው። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ ላይ ክርክር ቢነሳ ጠበቃችሁ የሚገልጠው እሱን ነው።

ታዲያ ሁለት ፊርማ ካስፈለገ ቤቱ ያለ እናንተ እንዴት ይሸጣል? አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ፊርማ ራሳችሁ ቀድማችሁ ልካችሁለታል። ውክልና ሰጥታችሁታል ማለት ነው።

ውክልና የሚሰጠው በጥድፊያ ነው። ሴትየዋ ከአሠሪዋ የአንድ ቀን ፈቃድ ለምና ቆንስላ ትሄዳለች። ሰልፍ አለ። ጸሐፊው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቅጽ ያወጣል፣ ስም ይቀይራል፣ ያትማል። ርዕሱ «ጠቅላላ ውክልና» ይላል። ከሥር ግሦቹ ተደርድረዋል፦ ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ ከባንክ ለመበደር፣ ለመክሰስ፣ ለመታረቅ፣ ሌላ ሰው በምትኩ ለመወከል። እሷ የፈለገችው የውሃ ቆጣሪ እንዲያስገባ ነበር።

የሚገርመው፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን አስቦበታል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል ይላል። ለመሸጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት ወይም ለመክሰስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ቁጥር 2205ን እዩ። ነገር ግን ቅጹ ልዩ ሥልጣኖቹን አንድ በአንድ ከዘረዘረ ርዕሱ ምንም ቢል አያድናችሁም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱን ግሥ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከኋላችሁ ያለው ሰልፈኛ ቢነጫነጭ ይነጫነጭ። የማትፈልጉት ግሥ ይሰረዝና ወረቀቱ እንደገና ይታተም።

ቤት ለሚያሠራ ሰው የሚያስፈልገው ውክልና አጭር ነው። የግንባታ ፈቃድ ማውጣት፣ ግብር መክፈል፣ ውሃና መብራት ማስገባት፣ ከሠራተኛ ጋር መዋዋል። የቤቱ አድራሻ፣ ካለ የካርታው ቁጥር ይጻፍበት። ማብቂያ ቀን ይኑረው። ሦስተኛ ሰው መወከል እንደማይችል ይገለጽ። «ለመሸጥ» የሚለውን ቃል፣ ገዢው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ለባልም ለሚስትም ለወንድምም መስጠት ምን እንደሚጠቅም እስካሁን አልገባኝም። መሸጥ ከተስማማችሁ ገዢው ይታወቅ፣ ዋጋው ይታወቅ፣ ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ይታወቅ። ያን ጊዜ ለዚያ ሽያጭ ብቻ የሚሆን ልዩ ውክልና ይላካል። ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ነው። ገዢው መታገስ ካልቻለ ሌላ ገዢ ይመጣል፤ ደብረ ብርሃን ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ቤት ፈላጊ ጠፍቶ አያውቅም።

ድሮ የሰጣችሁት ሰፊ ውክልና ካለ ዛሬውኑ ሻሩት። ወካይ በፈለገው ጊዜ ውክልናውን መሻር እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል። ችግሩ አሻሻሩ ላይ ነው። በስልክ «ከዛሬ ጀምሮ ሽሬብሃለሁ» ማለት ባልን ያስቆጣ ይሆናል እንጂ ገዢን አያቆምም። መሻሪያው እንደ ውክልናው ሁሉ በጽሑፍ ሆኖ በቆንስላ ይረጋገጣል። ከዚያ ውክልናው ወደተመዘገበበት ሰነድ አረጋጋጭ ቢሮ፣ ወደ ከተማው የመሬት ቢሮ፣ ወደ ባንኩ እና ወደ ተወካዩ ራሱ ይደርሳል። ዋናውን ቅጂ እንዲመልስ በጽሑፍ ጠይቁት። ባይመልስም መጠየቃችሁ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ተለያይተን ነበር፣ ውክልናው በራሱ ወድቋል ብሎ መተኛት አያዋጣም።

ሁለተኛው መንገድ ያለ ውክልና የሚሄድ ነው። ቤት የሚሸጥ ሰው የጋብቻ ሁኔታውን ይጠየቃል። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ትፈርማለች። «ያላገባ» የሚል ማስረጃ ይዞ ከመጣ ግን የማንም ፊርማ አይፈለግም። ሚስቱ አረብ አገር ከሄደች ስንት ዓመት ሆኗት፣ አዲስ የመጣ የቀበሌ ሠራተኛ ፊቷን አያውቃትም። ሁለት ምስክር ይዞ ይሄዳል። ያልቃል።

እዚህ ላይ የሰማንያው ወረቀት ይመጣል። እኛ ጋ በሰማንያ የተጋባ ብዙ ነው። ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ምስክር ፈርሟል፣ ወረቀቱ ታጥፎ ሳጥን ገብቷል። ሳጥኑ ያለው እሱ ቤት ነው! የባህልም የሃይማኖትም ጋብቻ በሕግ የጸና ነው፤ የሚያጣላው ማስረጃው ነው። ስለዚህ ለእረፍት ስትመጡ ከዶሮ ወጡ በፊት ሁለታችሁም ቀበሌ ሄዳችሁ ጋብቻችሁን ወሳኝ ኩነት ላይ አስመዝግቡ። የምስክር ወረቀቱን አንድ ዋና ቅጂ ይዛችሁ ተመለሱ። የሰማንያውን፣ የሠርጉን ፎቶ፣ የልጆቹን የልደት ካርድ ኮፒ ከእናታችሁ ወይም ከእህታችሁ ዘንድ አኑሩ። በቁርባን ለተጋባችሁም እንደዚሁ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ማንም ሕግ የጣሰ አይመስልም። ቤቱ የተሠራው እናቱ ግቢ ውስጥ ነው። ወይም ቦታው በቤት ማህበር የወጣው በወንድሙ ስም ነው። ብሩ የእናንተ ነው፣ ሶሌታው የተሞላው በእናንተ ላብ ነው፣ ካርታው ግን የሌላ ሰው ነው። የጋራ ንብረት ነው የሚለው ግምት ባልና ሚስት መካከል ይሠራል እንጂ አማት ላይ አይሠራም። ትዳሩ ሲፈርስ «ልጄ ያደረገልኝ ነው» ይባላል፣ ነገሩ ወደ ገንዘብ ክርክር ይወርዳል። እዚያ የሚያወጣችሁ የላካችሁበት ደረሰኝ ብቻ ነው።

ደረሰኝ ካልኩ፣ ከባንክ ውጭ በሐዋላ ስለሚላከው ብር አንድ ነገር። ምንዛሬው ሞቅ እንደሚል አውቃለሁ። ግን አምስት መቶ ሺህ ብር በሐዋላ ልካችሁ ቤቱ በወንድሙ ስም ከሆነ፣ ዳኛው ፊት የምታቀርቡት የኢሞ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ለቤት የሚሆነውን ብር ቢያንስ በባንክ ላኩ፣ ምክንያቱ ላይ «ለቤት ግንባታ» ይጻፍበት፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ኢሜይላችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ አሠሪ ይቀማል።

ካርታውን በቴሌግራም ፎቶ አትመኑ። የምታምኑት ሌላ ሰው መረጃ የመጠየቅ ብቻ ሥልጣን ባለው አጭር ውክልና ወደ መሬት ቢሮው ይሂድ። ፋይሉ በማን ስም እንደሆነና ዕዳና እገዳ እንዳለበት ይጠይቅ። ቤቱን ስታዩም የተቀዳ ቪዲዮ አይበቃም። በቀጥታ ይደወል፣ ካሜራው ወደ መንገዱ ይዙር፣ ጎረቤቷ ትታይ፣ ሰላም ትበላችሁ። የሌላ ሰው ፊኒሺንግ ላይ ሻምፓኝ የከፈቱ አሉና። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ያን ጊዜ «ኔትወርክ የለም» እውነት ነበር። አሁን ለአራተኛ ሳምንት ከተነገራችሁ ግን የጎረቤቱን ስልክ ሞክሩ።

ፍርድ ቤትም መንገድ ነው። ባል ፍቺ ይጠይቃል፣ «አድራሻዋ አይታወቅም» ይላል፣ መጥሪያው በጋዜጣ ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ ይወጣል፣ እናንተ ሳትሰሙ ይፈረዳል። ሌላው ዓይነት የሐሰት ብድር ነው። ጓደኛው የብድር ውል ይዞ ይከሳል፣ ባል ያምናል፣ ቤቱ ለሐራጅ ይቀርባል። ገዢው የአክስቱ ልጅ ሆኖ ይገኛል። እነዚህን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መመለሻ አበጅቶላቸዋል። በሌላችሁበት የተፈረደ ፍርድ እንዲነሳ፣ ፍርዱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ታመለክታላችሁ፤ ቁጥር 78 ነው። ተከራካሪ ሳትሆኑ መብታችሁን የነካ ፍርድ ከሆነ በቁጥር 358 መቃወሚያ ታቀርባላችሁ፤ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ግን መድረስ አለባችሁ። ለዚህ ነው ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ሐራጅ ማስታወቂያ የሚያነብ መኖር ያለበት። ብዙ ጊዜ ጡረታ የወጣ አጎት ይበቃል፤ ማስታወቂያ ማንበብ ይወዳሉ።

የገጠር መሬት ላይ ፍርሃቱ ትንሽ ይለያል። መሬቱ ራሱ አይሸጥም፣ ሕገ መንግሥቱ ከልክሏል። በክልሉ የመሬት ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ይሰፍራል፣ ይህም ጥሩ ነው። የሚያሳስበው በስጦታ ወይም በረጅም ኪራይ ስም የሚደረገው የተሸፈነ ሽያጭ ነው። ጅሩ ወይም ምንጃር ላይ ጥሩ ጤፍ የሚያበቅል ማሳ ካላችሁ፣ በእኩል የሚያርሰው ማን እንደሆነ በየክረምቱ ጠይቁ።

አሁን ቤቱ መሸጡን ሰምታችኋል እንበል። ማልቀሱ ይቆየን። የሰማችሁበትን ቀን ጻፉ፣ የነገራችሁን ሰው መልእክት አስቀምጡ። በፌዴራሉ ሕግ ያለ ስምምነታችሁ የተደረገ ሽያጭ እንዲፈርስ የምትጠይቁት ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው፣ ያውም ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ካላለፈው። ከዚያ ቆንስላ ሄዳችሁ ለጠበቃ የመክሰስ ልዩ ውክልና ስጡ። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ስለ ፍቺ አይሁን። ቤቱ ወደ ሦስተኛ ሰው እንዳይተላለፍ እግድ እንዲሰጥ ይጠየቅ፣ እግዱም የመሬት ቢሮው ፋይል ውስጥ መግባቱ ይረጋገጥ። ገዢው ለሌላ ከሸጠ በኋላ ነገሩ ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ሐሰተኛ ማስረጃ ካለበት ለፖሊስም አመልክቱ። በትዳር ላይ ሌላ ሴት አግብቶ ከሆነ ያም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 650ን ጠበቃው ያውቀዋል።

ሽማግሌ ይመጣል። መምጣቱ አይቀርም። ለእኔ ሽማግሌ ክቡር ነው፣ ብዙ ትዳርም አትርፏል። ግን የሸዋ ሽማግሌ አይቸኩልም። ዛሬ ለቅሶ አለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማኅበር አለ፣ ከዚያ ጾም ይገባል። ስድስቱ ወር እዚያ መሐል ያልቃል። አንዳንዱ ባልም ሽማግሌ የሚልከው ይህን አስልቶ ነው። ስለዚህ «አባቶቼ፣ እርቁን እሰማለሁ፣ እግዱ ግን ይቆያል» በሉ። ስምምነት ከተደረሰ በጽሑፍ ይሁን፣ ይረጋገጥ፣ ቤቱም በሁለታችሁ ስም እንደሚዞር ቀን ተቆርጦ ይጻፍበት።

ጠበቃውን ስትቀጥሩ ፈቃዱ ለክልል ፍርድ ቤት መሆኑን ጠይቁ። አዲስ አበባ ላይ የታወቀ የፌዴራል ጠበቃ ደብረ ብርሃን ላይ መቆም የማይችል ሊሆን ይችላል። የክፍያ ውል ይጻፍ። ለእሱ በምትሰጡት ውክልና ላይም «ለመታረቅ» እና «ገንዘብ ለመቀበል» የሚሉትን ቃላት እዩዋቸው።