ይሞላ፣ ሩት ካናል ይሠራለት ወይስ ይነቀል? ጥርስ ከሚሰጠው ምልክት ተነሥቶ ሕክምናውን መምረጥ

የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ጊዜ ውሳኔውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። አንዱ «ይንቀሉልኝና ልገላገል» ይላል። ሌላው ዘመዱ በሩት ካናል (የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ ሥሩን በመድፈን) ስለተሰቃየ «ይሙሉልኝ እንጂ ሌላ ነገር አልፈልግም» ብሎ ይሟገታል። እኔ አፍ ከማስከፈቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ምን ሲነካው ያምዎታል? ሕመሙ ከተነሣ በኋላ ምን ያህል ይቆያል? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? ክፉኛ የተቦረቦረ ጥርስ ተሞልቶ ሲድን፣ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ብቻ የሚታይበት ጥርስ ነርቩ ሞቶ ይገኛል። ሕክምናውን የሚወስኑት የነርቩ ሁኔታና ከጥርሱ የቀረው ጤነኛ አካል ናቸው።

ከላይ ያለው ኢናሜል ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ስሜት ግን የለውም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ስለሆነ ቅዝቃዜና ጣፋጭ በዚያ በኩል ወደ ውስጥ ይሰማል። መሀል ላይ ነርቭና የደም ሥር የያዘ ጠባብ ክፍል አለ። ጣት ሲያብጥ ቆዳው ይለጠጥለታል። የጥርስ ነርቭ ግን በደረቅ ግድግዳ ስለተከበበ ሲያብጥ መሄጃ ያጣል፤ ሕመሙ የሚከፋውም ለዚህ ነው።

«ቀዝቃዛ ሲነካው ቆንጠጥ ያደርገኛል፣ ወዲያው ይተወኛል»

ነርቩ ተቆጥቷል እንጂ አልተጎዳም። ጥርሱ ተቦርቡሮ ከሆነ መበስበሱ ዴንቲን ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ተጠርጎ ይሞላል፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። ቀድሞ የተሞላ ጥርስ ከሆነ የሙሌቱ ጠርዝ ተከፍቶ ይሆናል። ምንም ቀዳዳ ከሌለው ድዱን ይመልከቱ። ብሩሽን ወይም መፋቂያን እንደ መጋዝ ወደ ጎን የሚገዘግዝ ሰው ድዱ ወደ ኋላ ይሸሽና የጥርሱ ሥር ይጋለጣል። ለዚህኛው ለስላሳ ብሩሽ፣ ቅዝቃዜ ለሚሰማው ጥርስ የተዘጋጀ የጥርስ ሳሙናና የጥቂት ሳምንት ትዕግሥት ይበቃል።

«አንዴ ከተነሣ አይለቀኝም፣ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ነው የማድረው»

አንድ ምሽት አንድ ሰው የቀዝቃዛ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ በእጁ ይዞ ገባ። ሁለት ደቂቃ ያህል ያወራና ይጎነጫል፣ ውሃውን በቀኝ ጉንጩ ይዞ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ወሬውን ይቀጥላል። ቡና ከጠጣ ሦስት ቀኑ ነበር። «ውሃው አፌ ውስጥ ሲሞቅ ይብስብኛል» አለኝ። ትኩስ የሚያነሣው፣ ቀዝቃዛ የሚያስታግሰው፣ ከልብ ምት ጋር የሚጠዘጥዝና ጋደም ሲሉ የሚብስ ሕመም ነርቩ ወደ ጤናው ላይመለስ መታመሙን ይናገራል። ጋደም ሲሉ የሚብሰው ወደ ጭንቅላት የሚሄደው የደም ግፊት ስለሚጨምር ነው።

ሰውየው በጣቱ ያመለከተኝ አንድ የታች መንጋጋ ጥርስ ነበር፤ እውነትም ተቦርቡሯል። በበረዶ የቀዘቀዘ ጥጥ ሳስነካው ቆንጠጥ አድርጎት እስከ ሦስት ሳልቆጥር ተወው። ያው ጥጥ ከበላዩ ያለው ጥርስ ላይ ሲያርፍ ግን ትከሻው ወረደ፣ «እፎይ» አለ። ጥፋተኛው የላይኛው ነበር። መበስበሱ ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር በሚነካካበት በኩል ተደብቆ ራጅ ላይ ታየ። የነርቭ ሕመም በአንድ ወገን ላይና ታች ያምታታል፣ ጆሮ ድረስም ይወጣል፤ ወደ ሌላው ወገን ግን አይሻገርም ማለት ይቻላል። ያመለከተኝን ነቅዬለት ቢሆን ኖሮ ጥርሱንም አጥቶ ሕመሙንም ይዞ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ያለ ምርመራ «የቱን ልንቀልልዎት?» ብሎ ጉጠት የሚያነሣ ባለሙያ ካጋጠመዎት ከወንበሩ ይነሡ።

እዚህ ደረጃ ላይ መሙላት በታመመ ነርቭ ላይ በር መዝጋት ነው። አሞክሲሲሊንም አይፈታውም፤ እብጠትና ትኩሳት በሌለበት የነርቭ ቁጣ ላይ አንቲባዮቲክ ሥራ የለውም። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ ሥጋውን ያቃጥለዋል። ቅርንፉድ ለጥቂት ጊዜ በእርግጥ ያደነዝዛል፣ በዚህ ከአያቶቻችን ጋር ጠብ የለኝም፤ ሐኪም ጋ እስኪደርሱ ግን ነው።

የቀረው ሩት ካናል ወይም መንቀል ነው። በሩት ካናል ነርቩ ይወጣል፣ የሥሩ ቦዮች በቀጫጭን ሞረዶች ተጠርገውና ታጥበው ጎማ በመሰለ ነገር ይደፈናሉ። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ አለው፤ የታች መንጋጋ ሦስት፣ የላይኛው ሦስት ወይም አራት። ጊዜውና ዋጋው የሚለያየውም በዚህ ነው። በሥራው ወቅት ጥርሱ በጎማ ሽፋን ተለይቶ ምራቅ እንዳይገባበት መደረግ አለበት፤ ይህን ቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ከዚህ በኋላ ነው። ሕመሙ ይጠፋል፣ ለክራውን (ጥርሱ ላይ ለሚደፋው ቆብ) የተያዘው ቀጠሮ ይረሳል። መሀሉ የተቦረቦረ መንጋጋ ቆብ ካልደፋ ግድግዳው ስስ ነው፤ አንድ ቀን ኮሎ ሲቆረጠም እስከ ሥሩ ለሁለት ይከፈላል። ያኔ ይነቀላል፣ የሩት ካናሉ ገንዘብም አብሮ ይሄዳል። ለመንጋጋ ጥርስ ዋጋ ሲጠይቁ የክራውኑን ጨምረው ይጠይቁ። ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ ለጊዜው ከሌለ ነርቩን አውጥቶ በጊዜያዊ ሙሌት መዝጋት ይቻላል፤ ሳምንታት ይገዛልዎታል፣ ዓመታት ግን አይገዛም።

መንቀል ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። የበሰበሰው ተጠርጎ ሲያልቅ ከድድ በላይ ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ግድግዳ ካልቀረ ክራውኑ የሚይዘው የለም። ሥሩ ከተሰነጠቀ፣ አጥንቱ አልቆ ጥርሱ ከተወዛወዘ፣ ወይም ሥራ የሌለው የመጨረሻ መንጋጋ ከሆነ እኔም እነቅላለሁ።

«ያመኝ ነበር፣ አሁን ተወኝ»

በጣም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሳይታከም በድንገት ዝም ያለ ጥርስ ብዙ ጊዜ ነርቩ ሞቷል። ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሲያኝኩበት ከፍ ያለ ይመስላል፣ ድዱ ላይ ብጉር መሰል ነገር ወጥቶ መግል ያፈሳል። መፍትሄው እንደ ቀደመው ነው፦ ሩት ካናል ወይም መንቀል። ነገር ግን እብጠቱ ከአገጭ ሥር ከወረደ፣ አፍ መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ትኩሳት ከመጣ ለነገ አይባልም፤ እብጠቱ የመተንፈሻ ቧንቧን ሊዘጋ ስለሚችል በዚያው ሌሊት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

«ስነክስበት፣ ይልቁንም ስለቀው ብልጭ ይልብኛል»

ኮሎ ወይም ምስር ውስጥ ጠጠር አግኝተው ያውቃሉ? ጥርስዎ ተሰንጥቆ ይሆናል። ራጅ ላይ ብዙውን ጊዜ አይታይም። ሐኪሙ በእያንዳንዱ የጥርሱ ጫፍ ላይ እንጨት እያስነከሰ የሚያመውን ይለያል። ስንጥቁ ላይኛው ክፍል ላይ ከቆመ ክራውን አቅፎ ይይዘዋል፤ ወደ ሥሩ ከወረደ ግን ጥርሱ አይተርፍም።

«አይታመምም፣ ግን ቡናማ ነው»

በወንጂ፣ በመተሐራና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ያደገ ሰው ጥርስ ሲቡንን የበሰበሰ የሚመስለው ብዙ ነው። ምክንያቱ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ወደ ጉድጓድ ውሃ የሚገባው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ጉድጓድ አለ። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርስ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ እየተሠራ ባለበት በልጅነት ስለሆነ፣ ካደገ በኋላ ወደዚያ የሄደ ሰው ጥርሱ አይቡንንም። ቀለል ያለውን መፈግፈግና ማንጣት ያስተካክለዋል፤ ከባዱ በኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ) ወይም በቬኒር (ከፊት በሚለጠፍ ስስ ሽፋን) ይሸፈናል። የግድ መቦርቦር አያስፈልግም።

የልጆች ጥርስ

ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ለእርሱ የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ወላጅ አያስተውለውም፤ ሲቦረቦርም «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ይባላል። አይወድቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሊያኝክበት የበቀለ ነው። የወተት መንጋጋም ቢሆን እስከ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ስለሚያገለግል ሊታከም ይገባል። ሕፃን ሲያስቀምጠው «የወተት ጥርስ ነው» ተብሎ ድዱ የሚቆረጥበት ልማድ ደግሞ ከሥር ያለውን የቋሚ ጥርስ ጽንስ ያበላሻል።

ልጅ ወድቆ ቋሚ ጥርሱ ከነሥሩ ከወጣ ሥሩን ሳይነኩ ከላይ ይያዙት። ከቆሸሸ በንጹሕ ውሃ ወይም በወተት ለቅለቅ ያድርጉት፣ አይፈግፍጉት። ከተቻለ ቦታው ይመልሱት፤ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ከትተው በግማሽ ሰዓት፣ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ክሊኒክ ይድረሱ። የወተት ጥርስ ከሆነ ወደ ቦታው አይመለስም።

ከተነቀለ በኋላ

ሐኪሙ የሰጠዎትን ፋሻ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅ አድርገው ይንከሱ። በመጀመሪያው ቀን አይጉመጥመጡ፣ አያጭሱ፣ በስትሮ አይጠጡ፤ የረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጆሮ ድረስ የሚወጣ ሕመምና መጥፎ ሽታ ከመጣ ክዳኑ ተነሥቶ አጥንቱ ተጋልጧል፤ ወደ ነቀለልዎት ሐኪም ይመለሱ፣ አጥቦ መድኃኒት ሲያደርግበት ይረጋል።

ክፍተቱን ለመሙላት ሦስት መንገድ አለ። የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ ርካሹ ነው። ብሪጅ (በጎረቤት ጥርሶች ላይ የሚደገፍ ቋሚ ድልድይ) የሁለቱን ጎረቤት ጥርሶች መሞረድ ይጠይቃል፤ ጎረቤቶቹ ጤነኛ ከሆኑ እኔን ያሳዝነኛል፣ ቀድሞውንም ክራውን የሚያስፈልጋቸው ከሆኑ ግን ጥሩ ምርጫ ነው። ኢምፕላንት በአጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ብሎን ሲሆን አጥንቱ እስኪይዘው ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል። የመንጋጋ አጥንቱ አድጎ ላልጨረሰ ወጣት አይተከልም፤ ስኳሩ ላልተስተካከለና ሲጋራ ለማይተው ሰው ደግሞ የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል።