በጽዋ ማኅበር ስለ «ግራ» እና «ቀኝ» ፖለቲካ እንዴት እንነጋገር?

ደሴ ውስጥ የጽዋ ማኅበር ሙሴ (የማኅበሩ መሪ) ሆኖ ያገለገለ ሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ጨዋታው ወደ ፖለቲካ እንደሚያዘነብል ያውቃል። መከልከሉ አይበጅም፤ በማኅበሩ ፊት ያልተነገረ ነገር በየጓዳው ቂም ይሆናል። ስለዚህ ወጉን በሥርዓት መምራት ይሻላል።

በመጀመሪያ የቃላቱን መነሻ አስረዱ። «ግራ» እና «ቀኝ» የመጡት እ.ኤ.አ. በ1789 ከተሰበሰበው የፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤ ነው፤ ንጉሡ ሕግ የመሻር ሥልጣን ይኑረው ያሉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ፣ የተቃወሙት በስተግራ ተቀመጡ። ይህ በእኛ ዘንድ በተለይ ሊነገር ይገባል፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ መቆማቸውን ጠቅሶ ለአንድ የፖለቲካ ጎራ የሚሟገት አይጠፋምና። ያን ጊዜ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አንብቡ። በዚያ ፍርድ ሰዎች የሚለዩት የተራበውን በማብላት፣ የታረዘውን በማልበስና የታሰረውን በመጠየቅ ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ተናጋሪ «ግራ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለአንዱ ቤተሰብ የአባት ርስት የተወሰደበት ቀን ነው፤ ለሌላው ጭሰኛ አያቱ ለባለመሬቱ ከሚከፍሉት የምርት ድርሻ፣ ከእርቦና ከሲሶ፣ የተገላገሉበት ነው። ያንኑ መሬት ያደለው የደርግ መንግሥት ደግሞ በ1971 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩትን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን ገድሏል። ወጣቱ በበኩሉ ቃሉን የሚያውቀው ከአሜሪካ ክርክር ይሆናል፤ እዚያ ውርጃን መቃወምና ግብር ይቀነስ ማለት በአብዛኛው በአንድ ጎራ ይገኛሉ። ሁለቱን ያገናኛቸው የዚያ አገር ታሪክ እንጂ የወንጌል ቃል አይደለም።

ዋናው ሥራ ስያሜውን ትቶ ወደ አንድ ጥያቄ መውረድ ነው። በእኛ ማኅበር ፒያሳ ሱቅ ያላቸው አንድ አባት፣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን የሚለውን ሐሳብ «ይኼ የደርግ ነገር ነው» ብለው ዘጉት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ልጅ የደመወዝ ወረቀቷን ከዳቦው አጠገብ ዘርግታ፣ «ጋሼ፣ የቤት ኪራይና የታክሲ ሲቀነስ ምን እንደሚተርፈኝ እስቲ ያስሉልኝ» አለቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየቆጠሩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይኼማ ለአስቤዛም አይበቃ» አሉ።

በዚህ ጊዜ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 4 ተነበበ፤ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም መደንገጉም ተነሣ። ጋሼ ግን ወለሉ ከፍ ቢል ፋብሪካው ሠራተኛ ይቀንሳል የሚለውን ሥጋታቸውን አልተዉም፤ ይህም ሊደመጥ የሚገባው ሥጋት ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት ሠራተኛን መበደል ኃጢአት መሆኑን በማያሻማ ቃል ይናገራሉ፤ መጠኑ በአዋጅ ይወሰን ወይስ በድርድር የሚለውን ግን ለእኛ ማስተዋል ትተውታል። ሙሴው ይህን ድንበር ደጋግሞ ማሳየት አለበት፤ በሁለተኛው የተለየውን ሰው በመጀመሪያው እንደ ከሃዲ መቁጠር በደል ነውና።

ካህኑ በሃይማኖታዊው ክፍል ያስተምሩ እንጂ ለፓርቲ ድጋፍ እንዲሰጡ አይጠየቁ።

በመጨረሻ የደረሳችሁበትን ሐሳብ፣ ወሎ ውስጥ እንደምንኖር አስታውሳችሁ፣ በሙስሊሙ ጎረቤታችሁ ፊት ሳታፍሩ ልትደግሙት ትችሉ እንደሆነ መርምሩ። የደመወዙ ሕግ የእርሱንም ልጅ ይመለከታል። መድገም የሚከብዳችሁ ከሆነ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ወር ማኅበር አቆዩት።