ሞተሩን ከማጠባችሁ በፊት

ኮፈኑን ስከፍተው ሞተሩ ከላይ እስከ ታች ብር ቀለም ተነፍቶበታል። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1943 የተሠራ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፕ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ባለቤቱ እዚህ ቨርጂኒያ ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት ነው። «ሞተሩንም እንደ ቦዲው የወታደር አረንጓዴ አድርግልኝ» አሉኝ። አንድ ሳምንት ይስጡኝ አልኳቸው። ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣበትን ቀለም ለማግኘት በዚያ ሳምንት ያደረግኩትን ነው የማሳያችሁ።

መጀመሪያ ሞተሩ የማን እንደሆነ እወቁ። ይህን ጂፕ ዊሊስም ፎርድም ሠርተውታል፤ በጦርነቱ ዓመታት ሁለቱ አንድ ላይ ከ600,000 በላይ አውጥተዋል። ሞተሩ አንድ ዓይነት ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 2.2 ሊትር። ቀለሙ ግን ይለያል። ፎርድ ሞተሩን ግራጫ ነበር የሚቀባው። ዊሊስ አረንጓዴ። ስለዚህ «የጂፕ ሞተር ቀለም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ የየትኛው ጂፕ ብላችሁ ጠይቁት።

ከዘይት ፊልትሮው አጠገብ ብሎኩ ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ አለች። ቁጥሩ እዚያ ተመትቷል። በኤም ቢ የሚጀምር ከሆነ ዊሊስ ነው፤ በጂ ፒ ደብልዩ ከጀመረ ፎርድ ነው። ፎርድ ሲሠራው የሞተሩና የሻንሲው (መኪናው የተሠራበት የብረት አጽም) ቁጥር አንድ ነበር። የዊሊስ ግን አይመሳሰልም፣ ስለዚህ ባይገጥም አትደንግጡ። ፎርድ ብሎኖቹ ራስ ላይ ሳይቀር ኤፍ የሚል ፊደል አትሟል። ሞተሮቹ እርስ በርስ ስለሚገጣጠሙ የፎርድ ሻንሲ ላይ የዊሊስ ሞተር ተቀምጦ ማግኘት የተለመደ ነው። የሽማግሌው ጂፕ ግን ሁለቱም ቁጥር አንድ ሆኖ ተገኘ። ፎርድ በፎርድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሞተሩን አታጥቡት። ከዓመታት በፊት የመጀመሪያዬን የዊሊስ ሞተር በግፊት እንፋሎት አስጠብኩት። ቅባቱም ቀለሙም አብሮ ሄደ፤ ብረቱ ራቁቱን ቀረ። ያንን ሞተር በግምት ነው የቀባሁት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የደረቀ ቅባት ቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይና ከዝገት ሰባ፣ ሰማንያ ዓመት የጠበቀ ክዳን ነው።

የምትፈልጉት ማንም ብሩሽ ያላስገባበትን ቦታ ነው። የዲናሞው መያዣ ሥር፣ የፊልትሮው መያዣ ሥር፣ የኮፓው (ከታች ያለው የዘይት ገንዳ) ጠርዝ፣ የሞተር ጎማዎቹ የሚቀመጡበት። አንድ ነገር አስተውሉ። መያዣውን ስትፈቱት ከሥሩ ባዶ ብረት ካገኛችሁ፣ ሞተሩ ሲቀባ መያዣው ተገጥሞ ነበር ማለት ነው። ያኔ ቀለሙን ከመያዣው ጠርዝ ዙሪያ ፈልጉት። ማኒፎልዱ (ጭሱ የሚወጣበት ቱቦ) አካባቢ ጊዜያችሁን አታጥፉ፤ እዚያ ያለው ቀለም ተቃጥሏል።

ቦታውን ስታገኙ በነጭ ጋዝ የራሰ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ ጥጥ። ካጸዳችሁ በኋላ የሳንቲም ያህል ቦታ በውኃ እየረጠበ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፤ መጀመሪያ 400 ቁጥር፣ ከዚያ 800፣ መጨረሻ በጣም ለስላሳው 1500። መሐሉን ጠለቅ፣ ዳሩን ለቀቅ። በደረቁ አትፈግፍጉ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ሊኖርበት ይችላል። ማስክም አድርጉ።

የሽማግሌውን ሞተር ፊልትሮ መያዣ ጠርዝ ላይ እንዲህ ሳደርግ ቀለሙ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት ቀለበት ሆኖ ወጣ። ዳሩ ላይ ብሩ። ቀጥሎ ጠቆር ያለ አረንጓዴ። ከዚያ ቀጭን የዘይት እድፍ መስመር። መሐል ላይ፣ ብረቱ ጋ፣ ግራጫ። ያቺ የዘይት መስመር ብዙ ትናገራለች፤ አረንጓዴው የተቀባው ሞተሩ ከሠራ፣ ዘይት ካፈሰሰ በኋላ ነው። የጦሩ ጥገና ማዕከሎች ሞተር አድሰው በራሳቸው ቀለም እንደገና ይቀቡ ነበርና እኔ የዚያ ሥራ ይመስለኛል። ብሩን ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ፣ ሥራ በተማርኩበት ጋራዥ ተጠግኖ የጨረሰ ሞተር ሁሉ ብር ይነፋበት ነበር።

ግራጫውን ስታዩት እንዳይሸውዳችሁ። ዘይትና ሙቀት ግራጫን አረንጓዴ ወይም ቡናማ ያስመስሉታል። በ1500ው ላዩን ብቻ ገፈፍ አድርጉና እርጥብ እንዳለ፣ ውጭ፣ ጥላ ውስጥ እዩት። የጋራዥ አምፖል ሥር ቀለም አይመረጥም። ቀለም ቤት በማሽን ያነቡላችኋል፤ ማሽኑ ግን ያረጀውንም ጭምር ነው የሚያነበው። እኔ ሦስት ቁራጭ ቆርቆሮ ቀብቼ ሞተሩ ላይ አስጠግቼ፣ በዓይኔ መረጥኩ።

የዊሊስ አረንጓዴ የምትፈልጉ ሰዎች፣ ሻጭ 24087 ወይም 34087 የሚል የአሜሪካ መንግሥት የቀለም ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል። የመጀመሪያው አኃዝ የብልጭታው ነው፤ 1 የሚያበራ፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ደብዛዛ። የቁጥሩ ሥርዓት ግን የወጣው በ1956 ነው፤ ጦርነቱ ያለቀው በ1945። ቁጥሩ ኋላ የመጣ ማመሳሰያ ነው እንጂ ፋብሪካው የተጠቀመበት አይደለም። ከሞተራችሁ ላይ ካገኛችሁት ቀለም ጋር አስተያዩት።

ለብሎኩና ለቴስታታው (ብሎኩ ላይ ለሚከደነው ክፍል) ደህና የኢናሜል ቀለም ይበቃል። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ 80 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው፤ የምድጃ ቀለም አያስፈልግም። ማኒፎልዱን ባዶ ብረት ተዉት። ዲናሞውና ሞቶሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ከሌላ ፋብሪካ ተሠርተው የሚመጡ ናቸው፤ ጥቁር አድርጓቸው። ሁሉንም አንድ ላይ ግራጫ መንፋት ነው ጂፑን የውሸት የሚያስመስለው።

ሽማግሌውን ጠርቼ ቀለበቶቹን በማጉያ መነጽር አሳየኋቸው። አባታቸው መኪናውን የገዙት ከጦርነቱ በኋላ ነው። አባትዎ ያወቁት አረንጓዴውን ሳይሆን አይቀርም፤ ከፋብሪካ የወጣው ግን ግራጫ ነው፤ የቱን ልቀባ? አልኳቸው። ሁለቱም እውነት ነው። ብዙ ቆይተው ግራጫውን መረጡ።

ቀባሁት። ያቺን የሳንቲም ቦታ ግን አልነካኋትም። ስነፋ በቴፕ ሸፈንኳት፣ ሲደርቅ አነሳሁት። እናንተም አንድ ቦታ እንዲሁ ተዉ፤ ከእናንተ በኋላ ኮፈኑን የሚከፍት ሰው ይፈልጋታል።